ስድስት ሺህ ብር የወጣበት ምሳና ያፈርንበት ስንቅ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። እኅቴ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከአሜሪካ ለሦስት ሳምንት መጥታ ነበር። ፈቃድ ያገኘችው በነሐሴ ስለሆነ የደረሰችው ፍልሰታ ላይ ነው። ልጆቹን ላስደስት ብላ ቢሾፍቱ ወደሚገኝ አንድ የውኃ መዝናኛ ወሰደችን። ከልጄ ጋር አብሮ የሚማረውን የጎረቤታችንን ልጅ ጨምረን ስድስት ነበርን፤ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። ባለቤቴ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎና ሙዝ ቋጥራ ነበር። እኔ ግን «አሜሪካ የኖረች ሴት ፊት ፌስታል አንጠልጥለን ልንገባ ነው?» ብዬ መኪና ውስጥ አስቀረሁት። ምሳ እዚያው በላን። ከምግብ ዝርዝሩ ላይ በልቤ ስደምር 5,000 ብር ነበር፤ ሒሳቡ ሲመጣ 6,325 ብር ሆነ። እኅቴ ልክፈል ብትል እንቢ ብዬ እኔ ከፈልኩ፤ በንዴት አስተናጋጇን «ዘራፊዎች ናችሁ» አልኳት። የጎረቤታችን ልጅ የቀረበለት ዶሮ በማን እንደታረደ ስላላወቀ ድንች ጥብስ ብቻ በላ። የእኔ ልጆች ደግሞ በጾም አይስክሬም በልተዋል። ከዚያ ወዲህ «በዚያ ገንዘብ ስንት ነዳያን ይጠግቡ ነበር» እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ኃጢአት ሠርቻለሁን? እኅቴ ደግሞ ቪዛው ከተሳካ በሚቀጥለው ዓመት ፍሎሪዳ ወዳለው ዲዝኒ የተባለ መዝናኛ ልወስዳችሁ ትላለች፤ እኔም የምግቡን ወጪ እችላለሁ ብያታለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከቤትህ አይራቅ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንተን እንቅልፍ የነሳህ ስድስት ሺህ ብሩ ነው፤ እኔን የነሳችኝ ግን በግማሽ መስመር ጠቅሰህ ያለፍካት አስተናጋጅ ናት። ስለዚህ ከእርሷ እጀምራለሁ።

ማንም አልዘረፈህም። ብዙ ሆቴልና መዝናኛ በምግብ ዝርዝሩ ላይ የሚጽፈው ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ያልተጨመረበትን ዋጋ ነው፤ ይህም በግርጌው በደቃቅ ፊደል ይገለጻል። በ5,000 ብር ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ 500 ብር ነው። በ5,500 ብር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 825 ብር ነው። ደምረው፤ 6,325 ይመጣል። ዋጋው ራሱ ከበደኝ ብትል አልከራከርህም። በሩን ካለፍክ በኋላ ልጅ ሲርበው ሌላ ገበያ የለህም፤ ሻጩም ይህን ያውቃል። ነገር ግን ዋጋውን ያወጣችው እርሷ አይደለችም፤ ከጠዋት እስከ ማታ በእግሯ ቆማ የሰው ልጅ ስትመግብ የምትውል ሠራተኛ ናት። ጌታችን መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሄደህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ያለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ደረሰኙ ላይ የቤቱ ስልክ ቁጥር ሳይኖር አይቀርም፤ ደውልና ይቅርታ ጠይቃት። በዚያ ማዕድ ከሆዳችሁ ይልቅ አንደበትህ ነው የበደለው።

አሁን ወደ ነዳያኑ። በቢታንያ ማርያም በጌታ እግር ላይ ያፈሰሰችው ሽቱ 300 ዲናር ያወጣ እንደነበር ዮሐንስ ወንጌላዊ በምዕራፍ 12 ጽፎልናል። ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነበር፤ ስለዚህ የአንድ ዓመት ድካም ሊሆን ምንም ያልቀረው ሽቱ ነው። «ተሽጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም?» ያለው ማን እንደሆነ ታስታውሳለህ፤ ይሁዳ ነው። ወንጌላዊው ስለ ድሆች ተጨንቆ እንዳልተናገረም ይመሰክርበታል። አንተን ይሁዳ አላልኩህም። ነገር ግን ከወጪ በኋላ የሚመጣ ስለ ድሃ ማሰብ ብዙ ጊዜ የቁጭት ሌላ ስሙ ነው። ለድሃ ያሰበ ሰው ከጉዞው በፊት ድርሻውን ለይቶ ያስቀምጣል፤ አሥራቱንም እንደዚሁ። ይህን አድርገህ ከነበረ አሥራ አንድ ዓመት ካላየሃት እኅትህ ጋር አንድ ማዕድ መቁረስህ አያስወቅስህም። ሰው በልቶና ጠጥቶ በድካሙ ደስ መሰኘቱ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነ ሰሎሞን በመክብብ ተናግሯል። ካላደረግህ ደግሞ ከሚመጣው ወር ጀምር እንጂ ያለፈውን ምሳ እየቆጠርክ አትደር።

እኔም ብሆን ከዋጋ ጋር የተጣላሁበት ቀን አለ። በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፤ አኩፋዳ ይዤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ያደግሁ ሰው ስለ ምግብ ቤት ምን አውቃለሁ? ባለፈው ዓመት በበዓለ ሃምሳ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከደሴ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ወሰዱኝ። ከገዳሙ ስንመለስ ከሐይቁ ዳር ዓሣ አዘዙ። ሁለተኛውን ጉርሻ ልውጥ ስል ዋጋውን ሰማሁና ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። አንዱ ወጣት ምን አለኝ መሰለህ፤ «መርጌታ፣ ዋጋ የሚጠየቀው ከመብላት በፊት ነው፤ ከተበላ በኋላ የሚቀረው ማመስገን ነው።» ተማሪዬ አስተማረኝ።

ዋናው ነገር ግን መኪና ውስጥ የቀረው ስንቅ ነው። ባለቤትህን ለምን እንዳፈርክባት ራስህን ጠይቀህ ታውቃለህ? መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣውን ምእመን እናውቀዋለን፤ በደሴ በኩል ሲያልፍ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ተሸክሞ ነው። ባለጠጋውም ድሃውም ይቋጥራል፤ አምባው ሥር ተቀምጦ ከማያውቀው ሰው ጋር ይካፈላል፤ የሚያፍር የለም። ታዲያ ለግሸን ስትቋጥር በረከት ያልናት እጅ ለቢሾፍቱ ስትቋጥር ምን አሳፈረን? ለአምላክ ፊት የሚበቃ ዳቦ ለመዝናኛ በር አነሰ ማለት ነው?

ዮሐንስ ምዕራፍ 6ን ግለጥ። አምስት ሺህ ወንድ በተሰበሰበበት ሜዳ ፊልጶስ ልክ እንደ አንተ በልቡ ደመረ፤ የ200 ዲናር እንጀራ ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት እንኳ ቢሰጥ አይበቃም አለ። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ አልተሳሳተም። ጉዳዩ የተፈታው ግን በአንድ ብላቴና ስንቅ ነው፤ አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ። የገብስ እንጀራ የድሃ ምግብ ነው። ማን እንደቋጠረለት ወንጌሉ አይነግረንም፤ እኔ ግን ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ጎህ ሳይቀድ የተነሣች እናት ትታየኛለች። ብላቴናው «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የገብስ እንጀራ አውጥቼ?» ብሎ ደብቆት ቢሆን ኖሮስ? ወንጌላዊው በስፍራው ብዙ ሣር እንደነበረ ጽፏል፤ ጌታ የመገበው ሣር ላይ አስቀምጦ ነው። ከጠገቡም በኋላ አንዳች እንዳይጠፋ የተረፈውን ቁርስራሽ ሰብስቡ አለ። እናንተ ሳህን ላይ ምን ያህል ትታችሁ እንደተነሣችሁ አልጻፍክልኝም፤ አልጠይቅህም።

አንተን ያስከፈለህ ይሉኝታ ነው። ስንቁን ያስቀረው እርሱ፣ እኅትህ የዘረጋችውን እጅ ያስመለሰህ እርሱ፣ ንዴቱን በምስኪኗ ልጅ ላይ ያስወረደብህም እርሱ ነው። ስንቅ ቢኖር ኖሮ የጎረቤትህ ልጅም ባልተቸገረ ነበር። ይህን ሳነብ ከሁሉ ይልቅ አዘንኩብህ፤ ወሎ ያደገ ሰው ይህን እንዴት ይረሳል? በእኛ አገር ለሠርግ ሲደገስ ለሙስሊም ጎረቤት የሚታረደውን የራሱ ሰው ይባርከዋል፤ ድስቱም ለብቻ ነው። ዳቦና ሙዝ ግን የሁላችሁም ነበር፤ ለእርሱም፣ ለሚጾሙት ልጆችህም። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ለእንግዳ የሚሰናዳ ማዕድ ምን መምሰል እንዳለበት ከዚህ ስም በላይ የሚያስረዳ አላገኘሁም። እናንተ ስድስት ሺህ ብር ከፍላችሁ አንዱን ልጅ ድንች ላይ አስቀመጣችሁት።

ይህን ስል ውጭ አትብሉ ማለቴ አይደለም። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት፣ ጣርማ በርን ወጥቶ በደብረ ብርሃን አዲስ አበባን አልፎ ቢሾፍቱ የደረሰ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ሰው አቅርቦለት፣ እናትም እንደ እንግዳ ተቀምጣ ብትበላ ምን አለበት? ይልቁንም የባለቤትህ ድካም ያቺን ሰዓት ይገባዋል። አንዱን ማዕድ በደንብ ብሉ፤ ቁርሱንና መክሰሱን ከስንቁ። የእኛ አገር መዝናኛዎች አንዳንዶቹ ከውጭ ምግብ ማስገባት ይከለክላሉ፤ አስቀድመህ ደውለህ ጠይቅ፤ ከከለከሉ ደግሞ ደብቀህ አታስገባ፤ ከበሩ ውጭ በልታችሁ ግቡ።

ስለ ጾሙ አጭር ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ ዕርገቷ በዓል፣ እስከ ነሐሴ 16 ነው፤ እንግዳ መጣ ተብሎ አይሻርም። አይስክሬም ወተት አለበት። ልጆችህ የጾም ልማድ የጀመሩ ከሆኑ ቆጥተህ አታሳቅቃቸው፤ አስረዳቸው። በፍልሰታ እኩዮቻቸው ሲቆርቡ ያያሉና ይገባቸዋል። የአንተን ለንስሐ አባትህ ንገር፤ ቀኖና በደብዳቤ አልሰጥም።

ፍሎሪዳውን በተመለከተ፣ እዚያ የሚኖር አንድ የመንፈስ ልጅ አለኝና አስረድቶኛል። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በኦርላንዶ አቅራቢያ በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተከፈተ ነው። ከቢሾፍቱው ጋር አታመሳስለው፤ ጉብኝቱ ቀናት ይፈጃል፤ ስለዚህ የምግቡ ወጪ በቀን በቀን የሚደጋገም ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ አልኮልና የጠርሙስ ዕቃ እስካልሆነ ድረስ ሰው የራሱን ምግብ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳሉ። በችኮላ ምግብ በሚሸጡባቸው ቤቶችም ቀዝቃዛ ውኃ በኩባያ በነጻ ይሰጣሉ። ያፈርንበት ስንቅ አሜሪካ በር ላይ አልተከለከለም ማለት ነው! ልጆች የሚወዷቸውን ገጸ ባሕርያት የለበሱ ሰዎች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ የሚያጫውቱበት ማዕድም አለ። ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ የምትከፍለው ግን ለሳህኑ ሳይሆን ለልጁ ሳቅ ነው። አንድ ቀን ከሆነ አልቃወምም። አስቀድሞ የሚከፈል የምግብ ዕቅድ የሚባልም አላቸው፤ በእርሱ ከአሥር ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ እንደ አዋቂ ይከፍላል። ለበላተኛ ይጠቅም ይሆናል። ለእኛ ግን ረቡዕና ዓርብ አለብን፤ ደግሞ የተከፈለበት እንዳይቀር ተብሎ ያለ ረሃብ መብላት ሌላ ፈተና ነው።

«የምግቡን እችላለሁ» ያልከውን ቃል ግን ዛሬውኑ አንሣ። በብር ደመወዝ የዶላር ምሳ እችላለሁ ማለት ግንብ ሊሠራ ወድዶ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ያልቆጠረውን ሰው መሆን ነው፤ ሉቃስ ምዕራፍ 14 ላይ አለ። ተበድረህ ሄደህ ስትመለስ ዕዳው የልጆችህን ደብተር ይበላዋል። እኅትህን «አቅሜ ይህን አይችልም፤ አንቺ ብትችይ እሰየው፤ ባትችይ ሐይቅ ዳር እንቀመጣለን» በላት። አሥራ አንድ ዓመት የናፈቀችው አንተን እንጂ ደረሰኝህን አይደለም።

ለባለቤትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለግሸን የምትቋጥር ከሆነ ደሴ ስታልፉ ከዳቦ ቆሎው ትንሽ ታስቀምጥልኝ፤ ጥርሴ ባይችልም በሻይ አርሰዋለሁ።