«እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት

ልጆቼ፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ መርሳት ሲጀምሩ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። በሕክምና ሥራ ስቆይ ይህን አባባል ከቤተሰብ ብቻ አይደለም የሰማሁት፤ ከሐኪሞችም ነው።

የመርሳቱ ምክንያት አንዳንዴ ታይሮይድ ሊሆን ይችላል። አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኗ ሲያንስ ሰውነት ሁሉ ይንቀራፈፋል፤ ሐሳብም ጭምር። ሰውየው ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ የጠየቃችሁትን ለመመለስ ይዘገያል። ቤተሰቡ የሚያየው ግን መርሳቱን ነው። ሆርሞኑ ሲበዛም ነገሩ ያታልላል። ወጣት ቢሆን ይቅበጠበጣል፣ ያልበዋል። አዛውንት ግን አንዳንዴ ዝም ብሎ ይከሳል፣ ሁሉ ነገር ያስጠላዋል፣ የልቡ ምት ይዛባል። ድብርት ነው ተብሎ ይታለፋል።

ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ቲኤስኤች የሚባለው የደም ምርመራ መሠራቱን ጠይቁ። ቲኤስኤች የታይሮይድ ዕጢን የሚያዝ ሆርሞን ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ እሱ ከፍ ይላል፣ ሲበዛ ዝቅ ይላል። ቫይታሚን ቢ12ም አብሮ ይታይ፤ እጥረቱም ሊያስረሳ ይችላል። መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ለፀጉርና ለጥፍር እየተባለ የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነ ተናገሩ፤ ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ልንገራችሁ። የታይሮይድ ችግር ተገኘ ማለት መርሳቱ ከዚያ መጣ ማለት አይደለም። ሁለቱም ከዕድሜ ጋር ስለሚበዙ አንድ ሰው ላይ ቢገናኙ አይገርምም። በሆርሞን እጥረት የመጣ መንቀራፈፍ በመድኃኒት ይሻላል፤ አልዛይመር ግን በታይሮይድ ክኒን አይድንም። ጥቂት ከፍ ያለ ቲኤስኤች ሁሉም መድኃኒት አይፈልግም። በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ትረስት የተባለ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ መለስተኛ ችግር ያለባቸው 737 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ሌቮታይሮክሲን የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን የወሰዱት፣ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጣቸው ይልቅ የሕመም ምልክታቸውና ድካማቸው አልተሻለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ትንሽ ቢጨመርላቸው ይነቃሉ» የሚለው ነው። ከልክ ያለፈ መጠን የልብ ምት ያዛባል፣ አጥንት ያሳሳል። ቲኤስኤች በጣም ዝቅ ያለባቸው አዛውንቶች ላይ የመርሳት በሽታ በዝቶ የታየባቸው ጥናቶችም አሉ።

ክኒኑ ከታዘዘ አወሳሰዱን እናንተ ተከታተሉ። የሚረሳ ሰው ክኒኑንም ይረሳል፤ ወይም ወስዶ ይደግመዋል። በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጥ፣ ቁርስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ። የካልሲየምና የአይረን ክኒኖች ካሉ ከእሱ በ4 ሰዓት ልዩነት ይወሰዱ። ምርመራው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል፤ በሳምንቱ ለውጥ አላየንም ብላችሁ መጠን አትጨምሩ።