የገበሬ መሬት በብድር ወረቀት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ባጃጅ እየነዳሁ ነው የምኖረው፣ ከነቤተሰቤ ኪራይ ቤት ከገባን 9 ዓመት አልፎናል። ዘንዘልማ በኩል አንድ ገበሬ 200 ካሬ ሊሰጠኝ ተስማምቶ 50 ሺህ ብር ቀብድ ከፍያለሁ። ወረቀቱ ግን ብድር ነው የሚለው። ደላላው «ችግር የለውም፣ ከተማው ሲደርስ ካርታ ታወጣለህ» አለኝ። ቀሪውን ልክፈል?

መልስ፦ አትክፈል ወንድሜ።

አከራይ በየጊዜው ሲጨምር የገበሬ መሬት ዓይን ውስጥ እንደሚገባ እናውቃለን። ግን ወረቀቱን ረጋ ብለህ አንብበው። ገበሬው ገንዘብ ተበደረ ይላል፣ በቃ። አንተ አበዳሪ ነህ እንጂ ባለመሬት አይደለህም። «ሽያጭ» ተብሎ ያልተጻፈው ስለማይቻል ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የመንደር ውል ላይ ስንት ሽማግሌ ቢፈርምም ይኼ አይቀየርም።

የገበሬውን የመሬት ይዞታ ደብተርስ አይተኸዋል? ገበሬው ባለትዳር ከሆነ ይዞታው የሚመዘገበው በባልም በሚስትም ስም ነው፣ ፎቷቸውም አብሮ ይለጠፋል። ያንተን ወረቀት የፈረመው ማነው? ባልየው ብቻ ከሆነ ነገ ሚስቲቱ «እኔ አላውቅም» ብትል እውነቷን ነው። ልጆቹ አድገው ሲመጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ።

«ከተማው ሲደርስ» በሚለው ብዙ ሰው ተበልቷል። መድረሱንስ ይደርሳል፣ በአንድ በኩል ጣና ስላለ ባሕር ዳር የሚሰፋው ወደ እርሻው ነው። ሲደርስ ግን መሬቱን በካሳ ይወስደዋል፣ ካሳው ደግሞ የሚከፈለው ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ነው፤ አንተ በሌሊት ያቆምካት ቆርቆሮ ጨረቃ ቤት ተብላ ትፈርሳለች። ዕድል ቀንቶት ሕጋዊ የሆነለት የለም አንልም። ደላላው የሚያወራልህ ግን የእነሱን ብቻ ነው።

ካርታ ያለው ቤት ውድ ነው፣ የሊዝ ጨረታውም ላንተ የሚቀመስ አይደለም። የቤት ማኅበር ተራው ይረዝማል፣ ቢሆንም ብርህ ባንክ በዝግ ሂሳብ ይቀመጣል እንጂ ሰው ኪስ አይገባም።

ቀብዱን ገበሬው ማዳበሪያ ሳይገዛበት ዛሬውኑ ጠይቅ። በፈራሽ ውል የተከፈለ ገንዘብ በሕግ ይመለሳል። ስትናደድ ወረቀቱን እንዳትቀደው፣ ማስረጃህ እሱ ነው። የደላላውን ኮሚሽን ግን እርሳው።