ከጥቁር ሰሌዳ ወደ አብራሪነት

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ 29 ዓመቴ ነው። ጠዋት በብርዱ ጋቢዬን ደርቤ ስወጣ አውሮፕላን ከላይ ካለፈ ልቤ አብሮት ይሄዳል። መነጽር አደርጋለሁ። ፓይለት ልሁን ብል አልረፈደብኝም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልረፈደም። በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ እስከ 65 ዓመት ይበረራል። አንዳንድ አየር መንገዶች ግን ለሠልጣኝ የዕድሜ ገደብ ስለሚያወጡ ማስታወቂያውን በደንብ አንብብ። አደራህን፣ መልቀቂያ ከማስገባትህ በፊት ለንግድ አብራሪ የሚጠየቀውን የአንደኛ ደረጃ (Class 1) የአቪዬሽን ሕክምና ምርመራ አድርግ፤ መነጽር ብቻውን አይጥልህም፣ በመነጽሩ አጥርተህ ካየህ ይበቃል፣ ቀለም መለየት ላይ ግን ጠበቅ ይላሉ። የንግድ አብራሪ ፈቃድ እንደ ሥልጠናው ዓይነት ከ150 እስከ 200 የበረራ ሰዓት ይፈልጋል። እንግሊዝኛህ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ICAO) መለኪያ ቢያንስ ደረጃ 4 ይሁን። ፊዚክሱ ስንቅህ ነው፤ ክንፍ እንዴት እንደሚያነሳ ሌላው ሲጨነቅበት አንተ ታስተምረዋለህ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቅና ሄደህ ተመርመር።