«ስንተኛ ወጣን?»፦ ስለ ሙስና ደረጃ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ሰሞኑን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሰዎች በአገራት የሙስና ደረጃ ተከራከሩ። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ሜዳው ላይ እስክንደርስ አልተስማሙም። ኦዲተር ስለሆንኩ ምላሴን በላኝ፤ «ጠይቁኝ» አልኳችሁ። እናንተም አልማራችሁኝም።

ጋሼ፣ ጉቦ ደረሰኝ የለው! እንዴት ነው የሚለኩት?

ልክ ነሽ እህቴ፣ ጉቦውንማ አይቆጥሩም። የሚለካው ግምት ነው። ደረጃውን የሚያወጣው በርሊን ያለው ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል የተባለው ፀረ ሙስና ድርጅት ነው፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ሌሎች ተቋማት ከባለሙያዎችና ከነጋዴዎች የሰበሰቡትን አስተያየት ያጠናቅራል። 0 በሙስና የተዘፈቀ፣ 100 ንጹህ። ቢያንስ 3 ምንጭ ያልተገኘላት አገር ጭራሽ አትገባም።

እኛ ስንተኛ ነን?

በ2024 እ.ኤ.አ. ከ180 አገራት 99ኛ፣ በ37 ነጥብ። የዓለም አማካይ 43 ነበር። በ2023 ግን በዚያው 37 ነጥብ 98ኛ ነበርን። ልጅህ ካርዱን ይዞ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ትለው የለ? ውጤቱ ሳይነካ ሌላው ካለፈው ደረጃው ይወርዳል። ስለዚህ ነጥቡን እይ። በ2012 33 ነበርን። በ12 ዓመት 4 ነጥብ ማለት ነው፤ እኔ እንደ መንፏቀቅ ነው የማየው።

ጎረቤቶቻችንስ?

በዚያው በ2024 ኬንያ 32፣ ጅቡቲ 31፣ ሱዳን 15፣ ኤርትራ 13፣ ሶማሊያ 9። ደቡብ ሱዳን በ8 መጨረሻ። ከጎረቤት በለጥን ብላችሁ ከበሮ እንዳትመቱ፤ ሩዋንዳ 57፣ ሲሸልስ 72 ነበሩ።

ኬንያ ዝቅ ያለችው ጋዜጦቿ ሁሉን ስለሚያወጡት አይደለም?

ጎበዝ ጥያቄ ነው። ግምት እስከሆነ ድረስ ወሬ የበዛበት አገር ይጎዳል የሚለው ቅሬታ የቆየ ነው። ግን ኤርትራን ተመልከት። ከ2001 ወዲህ የግል ጋዜጣ የላትም፤ ነጥቧ 13 ነው። ዝም ማሰኘት ነጥብ ቢያስገኝ ኖሮ እሷ ከፊት ትሆን ነበር።

አንድ ቢሮ «ሲስተም የለም» እያለ ወር አመላለሰኝ። ይሄ እዚያ ውስጥ ተቆጥሯል?

በቀጥታ አልተቆጠረም። አንተን ማንም አልጠየቀህም። ተራውን ዜጋ «ለአገልግሎት ጉቦ ከፍለሃል?» ብሎ የሚጠይቀው በአፍሪካ አገራት የሕዝብ አስተያየት እንደሚሰበስበው አፍሮባሮሜትር ያለ ጥናት ነው። ሁለቱ ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ለእኔ ግን ያንተው ይበልጣል።

እኔም ደርሶብኛል። ሦስት ጊዜ «ሲስተም የለም» ተባልኩ። አራተኛው ቀን አንድ ልጅ በር ላይ ጠብቆ «ለሻይ ካሰብክበት ዛሬ ያልቃል» አለኝ። በዚያ ሻይ ሰኞ ገበያ ደህና በግ ይገዛል። ፋይሌ ግን ጠረጴዛው ላይ ከላይ ተቀምጦ በመስኮት ይታየኛል! ከፈልክ ወይ? ይለፈኝ።

ዴንማርክ በ2024 በ90 አንደኛ ነበረች አሉ። ሌባ የለም እዚያ?

አለ እንጂ። የዴንማርኩ ዳንስኬ ባንክ በኢስቶኒያ ቅርንጫፉ በኩል ወደ 200 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ሲያልፍ፣ አብዛኛው አጠራጣሪ ገንዘብ ነበር። ይህ መለኪያ ግን የሚያየው የመንግሥትን ቢሮ ነው፤ የባንክ ካዝና ውስጥ አይገባም።