ኮፈንሽን ለግራይንደር አሳልፈሽ አትስጪ

እህቴ፣ «ቪትዜ ኮፈኗና ጣሪያዋ ነጣ ነጣ ብሎብኛል፣ ቤት ውስጥ ራሴ ፖሊሽ ላድርጋት ወይስ ላቫጆ ልስጣት?» ያልሽውን ሳነብ የራሴን ታሪክ የጻፍሽው ነው የመሰለኝ። የእኔም ቪትዝ ናት፣ ጥቁር ሰማያዊ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ጥላ በሌለበት ነው የምትውለው። መልሴ አጭር ነው፣ ራስሽ አድርጊው። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

1ኛ፣ ነጣ ያለውን ቦታ በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው። ለስላሳ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፖሊሽ ይመልሰዋል። ፀሐይ እንደመታው ቆዳ እየተላጠ ከሆነ ግን ክሊር የሚሉት የላይኛው ሽፋን አልቋል፣ እሱን መቀባት እንጂ ፖሊሽ አያድነውም። ሌላ ደግሞ፣ በነጭ ጨርቅ ትንሽ ፖሊሽ ይዘሽ የማይታይ ቦታ ላይ እሺው። የመኪናሽ ቀለም ጨርቁ ላይ ከወጣ መጀመሪያውንም ክሊር የለውም ማለት ነው፣ በጣም ቀለል አድርገሽ ስሪ።

2ኛ፣ ማሽኑን እዪ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የእህቴ ሰርግ አንድ ሳምንት ሲቀረው መሃል ከተማ ወዳለ አንድ ላቫጆ ወሰድኳት። በ3,500 ብር ተስማማን። «አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል» አሉኝ፣ እኔም ማኪያቶ ልጠጣ ሄድኩ። መሄድ አልነበረብኝም። ስመለስ ልጁ ብረት የሚቆረጥበት ትንሹ ግራይንደር ላይ ፀጉራም ጨርቅ አስሮ ኮፈኗ ላይ በሁለት እጁ ተጭኖታል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ከፊት መብራቱ በላይ፣ የኮፈኑ ጠርዝ ላይ፣ አንድ ጣት የሚያህል ግራጫ መስመር ወጥቷል። ቀለሙ አልቆ ከስሩ ያለው መሠረት ነበር የሚታየው።

ያኔ አላውቅም ነበር፣ በኋላ ነው ያነበብኩት። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል። ለፖሊሽ የተሠራው ማሽን ግን ከ600 እስከ 3,000 አካባቢ ነው። ክሊሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው ውፍረቱ፣ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ግማሽ በዪው። ጠርዝ ላይ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። በዚያ ፍጥነት ላይ ሙቀቱ ሲጨመርበት በሰከንዶች ውስጥ ያልፈዋል።

ኃላፊውን ጠራሁት። «ስትመጣም እንዲሁ ነበረች» አለኝ። ስከራከረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ፣ ከሱ ጋር እንነጋገራለን።» መኪናዋን ሁለት ዓመት እቁብ ጥዬ፣ በራሴ ደመወዝ ነው የገዛኋት! በዚያ ላይ 3,500 ብሩን ካልከፈልኩ ቁልፉን እንደማይሰጡኝ ነገሩኝ። ከፈልኩ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ኮፈኑን ማስቀባት 12 ሺህ ብር በላኝ፣ ቀለሙም አልገጠመም። ጥላ ውስጥ አይታወቅም፣ ፀሐይ ላይ ግን ኮፈኑ ሌላ ፓራፋንጎው ሌላ ነው። ስለዚህ ለማንም ሰው ከመስጠትሽ በፊት ዙሪያዋን በስልክሽ ቪዲዮ ቅረጫት፣ እዚያው እነሱ እያዩሽ።

3ኛ፣ ከዚያ በኋላ ለማንም አልሰጠኋትም። ፖሊሹን፣ ማይክሮፋይበር ጨርቁንና ክሌይ የሚሉትን ሊጥ መሰል ነገር ሱማሌ ተራ ዞሬ ገዛሁ። እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ብረቱ ሳይግል እጀምራለሁ። ውሃችን በፈረቃ ስለሆነ ከዋዜማው ሁለት ባልዲ ቀድቼ አስቀምጣለሁ፣ አንዱ ለሻምፖው፣ ሌላው ስፖንጁን ለማለቅለቅ። ታጥባ ከደረቀች በኋላ እጅሽን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገቢና ኮፈኑን ዳብሺው። ንጹህ የመሰለሽ ቀለም አሸዋ አሸዋ ይልሻል። በተለይ ግንባታ ባለበት መንገድ የምትመላለሺ ከሆነ ብናኙ ተጣብቆ ይቀራል። እሱን ሳታነሺ ፖሊሽ ካደረግሽ በአሸዋ መፈተግ ነው። ክሌዩን በሻምፖ ውሃ እያራስሽ ቀስ ብለሽ አንሸራቺው። መሬት ከወደቀብሽ አለቅልቀሽ ልትመልሺው እንዳትሞክሪ፣ ጣዪው።

ፖሊሹን በእጅ ነው የሠራሁት። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ጠብታ ሦስት አራት ቦታ፣ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ እየከፈልሽ። ጠርዙንና ጥቁር ፕላስቲኩን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኚ፣ ፕላስቲኩ ላይ ፖሊሽ ከደረቀ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ማሽን መከራየት ካማረሽ እየዞረ ወዲያ ወዲህ የሚለውን፣ ዱዋል አክሽን የሚባለውን በዪ። ኮፈኗን ብቻ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፣ ትከሻዬ ለሁለት ቀን አመመኝ። ግን ስጨርስ የፎቁ መስኮቶች አንድ በአንድ ኮፈኗ ላይ ይቆጠሩ ነበር። ጎረቤቶቼ ወርደው «የት አሠራሻት?» አሉኝ። ራሴ!

ከዚያ የመኪና ሰም ወይም ሲላንት የሚሉትን ሰው ሠራሽ መከላከያ ቀቢ። ይሄን እንዳትዘይው፣ ፖሊሽ ያጸዳል እንጂ አይከላከልም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ሰም ከአንድ እስከ ሦስት ወር፣ ሲላንት እስከ ስድስት ወር ያቆያል። እኔ ግንቦት መጨረሻ ክረምቱ ሳይገባ አንዴ፣ መስከረም ላይ ደግሞ አንዴ እቀባለሁ። በልብስ ማጠቢያ ዱቄት የምታጥቢያት ከሆነ ግን ልፋትሽ ገደል ገባ፣ ሰሙን አብሮ ይዞት ይሄዳል።

ደግሞ ዘበኛችሁን አነጋግሪ። የእኛ ጋሼ በጣም ደግ ናቸው፣ ሳልነግራቸው በየማለዳው አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉልኝ ነበር። ማታ የስልኬን ባትሪ አብርቼ ሳየው ቀለሙ የሸረሪት ድር መስሏል። ቅር እንዳይላቸው ፈርቼ ሳምንት ዝም አልኩ። በመጨረሻ ኮፈኗ ላይ መብራቱን አብርቼ አሳየኋቸው፣ «ልጄ፣ እኔ መች አወቅኩ» አሉኝ። አሁን ውሃ ሳያፈሱባት አይነኳትም። የወፍ ኩስ ሲያዩም ሶፍት አርሰው አምስት ደቂቃ ይተዉበታል፣ ከዚያ ያነሱታል እንጂ አይፈትጉትም።

ክሌይ ካጣሽ የእኔ ግማሹ አለ፣ ታሽጎ ነው የተቀመጠው። ሱማሌ ተራ ድረስ ከምትንከራተቺ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እሑድ ልደታ መጥተሽ ውሰጂ፣ ፌስታሉንም እዚያው እናሳይሻለን።