መልስ፦ ባልቴቶችንና ወላጅ የሌላቸውን ልጆች የመርዳት ኃላፊነት የማን ነው?

ባልቴቶችንና ወላጅ የሌላቸውን ልጆች መርዳት የቤተሰብ ኃላፊነት ነው ወይስ የቤተ ክርስቲያን ብለው ለጠየቁት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ከሁለቱም ይጠብቃል፤ ቅደም ተከተል ግን አለው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ያሏት ባልቴት በቅድሚያ በእነርሱ እንድትጦር፣ ቤተ ክርስቲያንም ረዳት የሌላቸውን እንድትደግፍ ያዝዛል። ለቤተሰቡ የማያስብ ሰው ከማያምን የከፋ ነው ማለቱም ጉዳዩን ምን ያህል አክብዶ እንዳየው ያሳያል።

እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን የኦሪት ሕግ ነው። ዘዳግም 24 የመበለቲቱን ልብስ በመያዣነት መውሰድን ከመከልከሉም በላይ፣ ባለ እርሻው በማሳው ረስቶት የሄደውን ነዶ ተመልሶ እንዳይወስድ፣ የወይራውንና የወይኑን ቃርሚያም ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ እንዲተው ያዝዛል፤ በዚህም ችግረኛው የሰው ደጅ ሳይጠና በገዛ እጁ ለቅሞ ይበላል። ሩት (እርሷም መበለት ነበረች) በቦዔዝ እርሻ የቃረመችው በዚሁ ሥርዓት ነው።

በሐዋርያት ሥራ 6 ደግሞ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለታዊው እደላ ችላ በመባላቸው ሰባት ሰዎች ለዚሁ አገልግሎት ተመርጠዋል፤ ስለዚህ ማኅበረ ምእመናን ርዳታውን በዘፈቀደ ሳይሆን ታማኝ ኃላፊዎችን መድቦ ሊያከናውነው ይገባል ብዬ አምናለሁ።