ዛፍ የተደረገው ልጅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለክረምቱ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የልጆች ቴአትር ስልጠና ላይ ረዳት አስተማሪ ሆኜ ገብቻለሁ። ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው 18 ልጆች አሉን። ዋናዋ ታስተምራለች። እኔ ጫማ አስራለሁ፣ ንፍጥ እጠርጋለሁ፣ ሽንት ቤት አመላልሳለሁ። ለዚህ ነው እንዴ የመጣሁት? ደግሞ አንድ የ7 ዓመት ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቃል አልተነፈሰም። ዋናዋ «ዛፍ ይሁን» ብላ ወሰነች። አንጀቴን በላው። ምን ይመክሩኛል?
ረዳቷ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም በጊዜዬ ስንቱን ልጅ ዛፍ አድርጌያለሁ። ከዚያ የባሰም ሠርቻለሁ። ረዳት በሆንኩበት የመጀመሪያ ክረምት ድምጿ የማይወጣ ልጅ ነበረችን። የረዳኋት መስሎኝ ሁሉም ፊት አቆምኳትና «ጮክ በይ! አሁንም ጮክ!» አልኳት። ቀሚሷ ላይ ሸናች። ሳምንት ሙሉ ቀረች። እስከዛሬ ሳስታውሰው እሸማቀቃለሁ።

ያወጣን ዝናቡ ነው። የምንለማመድበት አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድበት የአስተማሪዋ ጩኸት እንኳ አይሰማም። ቸግሮን ያለ ድምፅ መጫወት ጀመርን። አህያና ጅብ። ያቺ ልጅ ጅብ ሆነች። አንገቷን ቀብራ፣ አንድ እግሯን ጎተት እያደረገች መጣች። ልጆቹ የምራቸውን ሸሹ። ዝናቡ በድንገት ሲያባራ እሷ ገና ጅብ ነበረች። «አውውው» የሚል ድምፅ ከሆዷ ወጣ። ሁላችንም ሰማናት።

ስለዚህ ዛፍ መሆኑ ችግር የለውም፤ ሥራ ፈት ዛፍ መሆኑ ነው ችግሩ። ጅቡን መጀመሪያ የሚያየው ዛፉ ይሁን። እሱ ቅጠሉን ሲያራግፍ አህያዋ ትሩጥ። ያኔ ያለ እሱ ጨዋታው አይሄድም። ይህን ለዋናዋ ልጆቹ ፊት እንዳትነግሪያት! ወንበር ስትሰበስቡ ጠጋ በያት።

ነሐሴ 13 ቡሄ ነው አይደል? ሆያ ሆዬን አስገቡበት። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው «ሆ!» ይላል፣ ዱላው መሬት ይመታል። ብቻውን የማይናገር ልጅ በ17 ሰው ድምፅ ውስጥ ተደብቆ «ሆ» ሊል ይችላል። አንቺ ብቻ አፍ አፉን አትዪው። ካየሽው ይዘጋዋል።

ወንዶቹ «ሴት አያት አልሆንም» ብለው ካስቸገሩሽ ደግሞ፣ አባባ ተስፋዬ በወጣትነታቸው መድረክ ላይ ሴት ሆነው ይጫወቱ እንደነበር ንገሪያቸው። ልጆቹ ባያውቋቸው እናቶቻቸው ያውቋቸዋል። የኔዎቹ በመጨረሻ ነጠላ ሲቀማሙ ነው የደረስኩት።

ስለ ጫማው። ዋናዋ ቆማ 18ቱንም ባንዴ ታያለች። አንቺ በርከክ ብለሽ አንዱን ብቻ ታያለሽ። የኔዋ ዝምተኛ መጀመሪያ ያናገረችኝ ማሰሪያዋን ስቋጥርላት ነው። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «ጅቡ ስሙ ማነው?» አለችኝ። እኔም ለጅቡ ያሰብኩት ስም አልነበረኝም፣ እሷው አወጣችለት።

ማሰሪያውን ግን ሁለቴ ቋጥሪው። ወላጆች ስልካቸውን ደግነው በሚቀርፁበት ቀን ነው የሚፈታው።